ኤዶ እና የረቡዕ ወተት

ግሪክኛ መማር ከመጀመሬ በፊት አንድ የግሪክኛ ቃል አፌ ላይ ነበር፤ ግሪክኛ መሆኑን ግን አላውቅም። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ወፍጮ የወረደች የወረታ ሴት ሁሉ አታውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገናኙበት ትንሽ ዝቅ ብሎ አንድ የሞተር ወፍጮ ነበር። ባለቤቱ ግሪክ ነው። ሰዉ እሱን «ሙሴ»፣ ሚስቱን «ማዳም» ይላቸዋል። ሙሴ አማርኛ የለመደው ከከባድ መኪና ነጂዎች ስለሆነ ፈጥኖ ይናገራል፣ አሳምሮ ይሳደባል፣ ቄስ አይል ሽማግሌ አይል ሁሉንም «አንተ» ይላል። የሞተሩ ጩኸት ሲያይልበት ግን አማርኛው ይጠፋውና በገዛ ቋንቋው ይጮኻል። እህል ተሸክመን በበሩ ብቅ ስንል፣ ከግድግዳው ጥግ ያለውን የድንጋይ መደብ በመዳፉ እየመታ «ኤዶ! ኤዶ!» ይለናል። እኛም ስልቻችንን እዚያ እናወርዳለን። በዚህ የተነሳ የመደቡ ስም ኤዶ ሆኖ ቀረ።

«ኤዶ ላይ ተቀምጬ ስጠብቅሽ ዋልኩ እኮ! የት ቀልጠሽ ነው?» ትላለች አንዷ።

«ስልቻዬን ከኤዶ ያነሳች እጇ ይሰበር!» ትላለች ሌላዋ።

«ኧረ ተይ፣ ኤዶው ረጥቦ ነው ያነሳሁልሽ። ደግ ተሠርቶልሽም ትራገሚ!»

ጊዜው የኃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ፎገራ ገና ሩዝ አያውቅም። እኔም ከመንደራችን ከቁሐር ሚካኤል ዳጉሳችንን ተሸክሜ ስመላለስ ኤዶ ላይ አውርጄ፣ ኤዶ ላይ ወረፋ ጠብቄ፣ ከኤዶ አንስቼ ነው የኖርኩት።

ትምህርት ቤት የገባሁት አሥራ አምስት ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። የቤቱ ታላቅ ነኝ፤ ላሞቹን የማልብ እኔ፣ ጥጆቹን የማስር እኔ። ታናሽ እህቴ ለማለብ ስትደርስ አባቴን ለመንኩት። ለመንኩት ማለት ይበዛበታል፤ እንደ ዝንብ ነዘነዝኩት። በመጨረሻ ሰለቸውና፣

«እሺ፣ ተማሪ» አለኝ። «ግን እወቂው፤ የምታድሪበት ቤት እንደኛ የሚፆም ይሁን። ረቡዕንና ዓርብን የሚሽር ቤት ማደርሽን የሰማሁ ዕለት ላሞቹ እዚሁ ናቸው፤ ተመልሰሽ ታልቢያለሽ።»

ማደሪያ አላጣሁም። ወረታ አክስቴ ነበረች፤ የእናቴ እህት። አንደኛ ክፍል ስገባ አስተማሪው ቀና ብሎ አየኝና «ልጅሽ የታል?» አለኝ፤ ልጅ ላስመዘግብ የመጣሁ መስሎት። ከጎኔ የተቀመጡት ሕፃናት «እትዬ» ይሉኝ ነበር፤ እርሳሳቸው ሲዶለዱም እንድቀርጽላቸው ያመጡልኛል። ደስታዬ ግን ልክ አልነበረውም። ለእትዬነቴ ግድም አልሰጠኝ።

ጥቅምት ሲገባ የአክስቴ ባል ጎንደር ሥራ አገኘና ቤታቸውን ነቅለው ሊሄዱ ሆነ። አክስቴ ብልኅ ሴት ናት፤ ሳትሄድ ከማዳም ጋር ተስማማችልኝ። ማዳም ወደ ወረታ ከመጣች ብዙ አልቆየችም፤ ባሏ ቀኑን ሙሉ ከሞተሩ ጋር ነው፤ አማርኛ የሚያስተምራት፣ ከሰዓት በኋላ አብሯት የሚውል ሰው ትፈልጋለች። ለእኔ ደግሞ ከማድ ቤቱ ጎን ያለችው ክፍል። «ለአባትሽ እኔ እነግረዋለሁ» አለችኝ አክስቴ መኪና ላይ እየወጣች። አልነገረችውም።

የመጀመሪያው ቀን ማዳም የታጠበ ድስት አስጨበጠችኝና ጠረጴዛውን እያመለከተች «ኤዶ» አለችኝ። እኔ ታዛዥ ነኝ። ድስቱን ይዤ ወጣሁ፤ ግቢውን አቋረጥኩ፤ ወፍጮ ቤት ደረስኩና መደቡ ላይ፣ ከስልቻዎቹ መካከል አስቀመጥኩት።

«ደግሞ ማዳም ድስት ልታስፈጭ ነው?» አለች ከወረፋው አንዷ።

ተመልሼ ስገባ ማዳም ሁለተኛ ድስት ይዛ ቆማለች። «ኤዶ» አለችኝ ደግማ። እሱንም ወሰድኩት። ሦስተኛውን ይዤ ስወጣ ተከተለችኝ። ድስቶቿን ከዳጉሳ ስልቻዎች ጋር ተሰልፈው ስታይ ባሏን ጠራች፤ ሙሴ ዱቄት እንደለበሰ ብቅ አለና ነገሩ ሲገባው መደቡ ላይ ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«አንቺ!» አለኝ። «ኤዶ ማለት ድንጋይ አይደለም! ኤዶ ማለት እዚህ ማለት ነው። እዚህ! ይኼም እዚህ ነው፣ ያም እዚህ ነው፤ እኔ የቆምኩበት ሁሉ እዚህ ነው!»

ወረፋ የያዙት ሴቶች ተያዩ። አንዲት ሸምገል ያሉ እናት፣ «እንግዲያ ስንት ዘመን ሙሉ እዚህ ላይ ተቀምጬ እዚህ እያልኩ ኖሬያለሁ በሉኛ!» አሉ። ከዚያ በኋላም ግን ማንም አልተወውም። መደቡ ኤዶ ነው፤ ግሪኮች ቃሉን ለምን እንደሚሉት የራሳቸው ጉዳይ ነው።

ለእኔ ግን በር የተከፈተልኝ ያን ቀን ነው። ቃል ማለት በየሄድሽበት አብሮሽ የሚሄድ ሊሆን ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ኤዶን እንደ ጥጃ ተከተልኳት። ማዳም ስትጠራኝ «ኤላ ኤዶ» ትላለች፤ ነይ ወዲህ ማለት ነው። ከሌላ ክፍል ስፈልጋት «ኤዶ ኢሜ» ትላለች፤ እዚህ ነኝ። እኛ ስንቀመጥ እዚህ፣ ስንመጣ ወዲህ ብለን የምንለየውን እነሱ በአንድ ቃል ይሸከሙታል። ሩቅ ያለው ደግሞ «ኤኪ» ነው። ማታ ማታ ሙሴ ወረፋውን በክንዱ ይከፍልና «ኦስ ኤዶ!» ይላል፤ እስከዚህ፣ የቀራችሁት ነገ።

ኤዶ መሐል ላይ ያለችውን ድምፅ ለማውጣት ምላሴን በጥርሶቼ መካከል ብቅ ማድረግ ነበረብኝ። አድርጌው አላውቅም፤ በእኛ ቤት ምላስ የሚያወጣ ልጅ ይቆነጠጣል። ማዳም መስታወት ፊት አቁማ ታለማምደኛለች፤ እኔ አፌን በነጠላዬ እሸፍናለሁ፤ እሷ ነጠላውን ታወርደዋለች።

አንድ ቀን እናቷን ካየቻት ስንት ጊዜ እንደሆናት ጠየቅኋት። «ኤዶ ኬ ኽሮኒያ» አለችኝ። «እዚህ እና ዓመታት» ማለት ነው ቃል በቃል። እናቷ እዚህ ናት እንዴ ብዬ ግራ ተጋባሁ። በኋላ ሙሴ ሲፈታልኝ፣ ብዙ ዓመት አልፎታል ማለት ኖሯል። ለካ እኛም ከዚያ ወዲህ፣ ከዓመት ወዲህ እንላለን፤ የቦታውን ቃል ለዘመን አውሰነዋል። ልቤ እንዴት እንደሞቀ! አማርኛዬን ከውጭ ሆኜ ያየሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

እኔም በተራዬ አስተማርኳት። መጀመሪያ «አንቱ» እያልኩ ነበር የማናግራት፤ «አንቱ ይምጡ፣ አንቱ ይቀመጡ»። ብዙ ሰው የጠራሁ መስሏት ወደ ኋላዋ ዞራ ሌላ ሰው ትፈልጋለች። ባሏ ክብር መሆኑን ሲነግራት «ብቻዬን ነኝ፣ ብቻዬን!» አለችኝ ደረቷን እየመታች። ከዚያ ወዲህ አንቺ አልኳት። «እዚህ ነይ» ስትለኝ ግን አላለፍኳትም፤ «ወዲህ ነይ» እስክትል ቆሜ እጠብቃታለሁ። በሳቅ ትሞታለች፤ ግን ታርመዋለች።

ጥር ላይ፣ በገበያ ቀን፣ የቁሐር ጎረቤታችን ሸክላ ሠሪዋ ማሰሮዎቿን ሸጣ ስትጨርስ ወደ እኔ መጣች። ፊቷ ወሬ ተሸክሟል።

«አባትሽ ሰማ» አለችኝ። «ልጅህ ፈረንጅ ቤት ገባች፣ በዓርብ ሥጋ ይበላሉ ብለው ነገሩት። ረቡዕ ይመጣል።»

«ይምጣ» አልኩ።

«ወተት ይዞ ነው የሚመጣ።»

«በረቡዕ?»

«በረቡዕ። እንግዲህ ልጄ፣ በረቡዕ ወተት ይዞ የሚመጣ ሰው ሊጠይቅ አልመጣም፤ ሊፈትን ነው። ለሴትዮዋም ትንፍሽ እንዳትል በያት፣ በሚካኤል ብያታለሁ ብሏል።»

በሚካኤል ከተባልኩ አበቃ። ማዳም ትጹም አትጹም ደግሞ እኔ ራሴ አላውቅም ነበር። የራሴን አብስዬ ነው የምበላ፤ ያደግሁትም የሰው ድስት አይከፈትም ተብዬ ነው። የማውቀው አንድ ነገር፣ ወተት ስታይ ዓይኗ እንደሚበራ ነው። የፎገራ ወተት እንደ አገሯ የበግ ወተት ወፍራም ነው ትል ነበር። እነዚያን ቀኖች ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የማየው ሰሌዳውን ሳይሆን የላሞቻችንን ጡት ነበር።

ረቡዕ፣ ከጾም መፍቻው ከዘጠኝ ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ፣ አባቴ ደረሰ። ጋቢውን አጣፍቷል፤ በአንድ እጁ ዱላ፣ በአንድ እጁ የወተት ቅል። ማዳም በሩ ላይ ተቀበለችው። ትከሻዬን ይዛ ወደ ፊት አቀረበችኝና በኩራት ቀጥ ብላ፣

«አፖ ኤዶ ኢ ዳስካላ ሙ» አለችው።

ሰው ሲያስተዋውቁ የሚሉት ነው። ቃል በቃል «ከዚህ» ማለት ነው፤ ከዚህ ያለችው እገሌ ናት እንደ ማለት። እኔን ለወለደኝ አባቴ አስተዋወቀችኝ!

ሙሴ ከወፍጮው መጥቶ ኖሮ ተረጎመ። «አስተማሪዬ ናት ትልሃለች።»

አባቴ በ«ትልሃለች»ው ቅንድቡን አነሳ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ማን? ይቺ? አንደኛ ክፍል አይደለችም እንዴ?»

«አንደኛ ክፍል ናት። ግን ትቆጣለች» አለ ሙሴ። «አንድ ቃል ብትሳሳት አትለቃትም።»

«እሱስ ከእናቷ ነው» አለ አባቴ፤ ለመሳቅ የፈለገ አፉን ሰብስቦ ተቀመጠ። ቅሉን አቀበላት። «ለቤቱ» አለ።

ማዳም ክዳኑን ከፈተች፣ አሸተተች፣ ዓይኗ በራ። ነፍሴ ወጣች። ወተቱን ድስት ውስጥ ገለበጠችው፤ የላምባ ምድጃዋን፣ ፕሪሙሷን፣ ለኮሰች፤ ጣደችው።

እኛ አገር ወተት አይፈላም። ይታለባል፣ በወይራ በታጠነ ቅል ይቀመጣል፣ ራሱ ይረጋል። ወተት እሳት ላይ የሚጥድ ሰው ትኩሱን ሊጠጣው ካልሆነ ለምን ይጥደዋል? አባቴ ይህን ሲያስብ ፊቱ ላይ አነበብኩት። ዱላውን ከግድግዳው አንስቶ ጭኑ ላይ አደረገ። «እቃሽን ሰብስቢ» አለኝ በቀስታ፤ ቁጣ እንኳ የለበትም። እኔ አልተንቀሳቀስኩም። ወተቱ ገነፈለ፤ ማዳም አወረደችው። እፍ አለችበት። ትንሿን ጣቷን ነክራ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆጠረች፤ ፈጥና አወጣቻት፤ ቆይታ ደገመች። ከቁም ሣጥኑ አንዲት ሳህን አወጣች፤ የቆየ እርጎ ነው፤ ከእሱ አንድ ማንኪያ ወስዳ ወተቱ ውስጥ አማሰለች። ከዚያ ድስቱን ከደነች። የአልጋዋን ብርድ ልብስ አምጥታ ጠቀለለችው፤ እንደ አራስ ልጅ አድርጋ አቀፈችው፤ ወደ ጥጉ ወስዳ አስተኛችው፤ በእጇ መታ መታ አደረገችው።

«ኤዶ» አለችው ለድስቱ።

ከዚያ ወደ አባቴ ዞራ፣ እኔ ባስተማርኳት አማርኛ፣ ቃል በቃል እየለቀመች፣ «ዛሬ አይሆንም። ዛሬ ረቡዕ። ነገ እርጎ። አንቱም ነገ ይምጡ» አለች።

አንቱ! ለእኔ እምቢ ያለቻትን ቃል ለእሱ አስቀምጣት ኖሯል።

አባቴ ዱላውን ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው መለሰው። «ወተቱን... አስተኛችው?» አለኝ።

«አስተኛችው» አልኩት። እቃዬ ሳይሰበሰብ ቀረ።

ማዳም ዳቦና የተቀቀለ ሽምብራ አቀረበች፤ ከቆርቆሮም ጥቁር ጥቁር ፍሬ አውጥታ በሳህን አኖረች። አባቴ ጎንበስ ብሎ አየና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «የፍየል በጠጥ ነው?»

«የወይራ ፍሬ ነው፣ አባዬ።»

«ወይራ? ቅል የምናጥንበት ወይራ?» አንዱን አፉ ውስጥ አገላበጠ፣ ፍሬውን መዳፉ ላይ ተፋ፣ አሰበ። «ጨው ነው። ከብት ቢያገኘው ይወደዋል።» ሁለተኛም አነሳ።

ዳቦው ከመቆረሱ በፊት ማዳም ፊት ለፊቱ ቆማ አማትባ ነበር። አባቴ ሲያያት ራሱን ነቀነቀ፤ «እንደኛው ነው የምታማትብ» አለ ረክቶ። እኔ ግን ጎኗ ነበርኩ። ግሪኮች ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚያማትቡት፤ የእኛ ተገላቢጦሽ። ፊት ለፊት የቆመ ሰው እንደ መስታወት ስለሚያየው አንድ ይመስለዋል። የያዝኩት ሽምብራ ከእጄ ወደቀ።

ያን ቀን አባቴ ገበያው አጠገብ ካለ አንድ ወዳጁ ቤት አደረ። በማግስቱ ጠዋት፣ እኔ ለትምህርት ስዘጋጅ፣ መጣ። ማዳም ብርድ ልብሱን ፈታችው። እርጎው ቢዘነብልም አይፈስ፤ ማንኪያ ቢሰኩበት ይቆማል። አባቴ ማንኪያውን ሰክቶ ለቀቀው፤ ቆመ። ነቀለ፤ ደግሞ ሰካ። «ይኼ እርጎ አይደለም» አለ። «አይብ ለመሆን ያሰበ እርጎ ነው።» ማዳም ከመብላቷ በፊት አማተበች፤ በዚህ ጊዜ አባቴ ከጎኗ ነበር የተቀመጠ። እጁ አየር ላይ ቀረ። ማየቱን አየሁ።

«ከፊት ሲያዩት የኛ ነው» አለ ለራሱ፤ «ከጎን ሲያዩት ግልብጥ ነው።»

ደብተሬን ደረቴ ላይ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ ከዚያ በር ወደ ትምህርት ቤትም ወደ ላሞቹም ይወጣል። ማዳም ምንም አልገባትም፤ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት።

አባቴ አንድ ማንኪያ በላ። ሁለተኛ በላ። ጢሙን ጠረገ።

«እግዜር» አለኝ፣ «ከፊትም ከጎንም አይደለም የሚያይ። ከላይ ነው። ከላይ ሲታይ ሁለቱም መስቀል ነው።» ከዚያ ድስቱን በማንኪያው ቀስ አድርጎ መታ። «ይኸን ወተት እዚህ ጥሩ አድርገው አስተኝተውታል። አንቺም እዚሁ ተኚ። ምን ትጠብቂያለሽ? ደወሉ ሊደወል አይደለም እንዴ? ሂጂ!»

ሮጥኩ። ያን ያህል ትልቅ ልጃገረድ ደብተር ይዛ ስትሮጥ ያየ ነጋዴ ሁሉ «እሳት ተነሣ እንዴ?» ይለኝ ነበር።

ክረምቱን አገሬ ገባሁ። መስከረም ሲጠባ ሜዳው ገና ውኃ ነው፤ ከቁሐር እስከ ወረታ ጫፍ ያለው አገር ሐይቁን ተበድሮ ተኝቷል። አባቴ በደንገል ታንኳ ይዞኝ ወጣ። እሱ ከኋላ ቆሞ በረዥም ዘንግ ይገፋል፤ እኔ ከፊት ተቀምጬ መጽሐፌን በሽሮው ስልቻ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። ለማዳም አዲስ ቅል ወተት ይዘናል፤ አባቴ በትከሻው አንግቶታል። ቀኑ ሐሙስ ነው፤ ሆን ብሎ የመረጠው። ወደ ደረቁ ስንቃረብ ሣሩ ከሰው በላይ አድጎ ከዚያ ወዲያ አይታይም። መኪና ሲቆም ሰማን፤ ቀጥሎም የማዳም ድምፅ።

«ዳስካላ! ዳስካላ! የት ነሽ? ወዲህ ነይ!»

ወዲህ! አልተሳሳተችም። ለመመለስ አፌን ስከፍት ከኋላዬ ታንኳው ተነቃነቀ። አባቴ ዘንጉን ጥሎ፣ ጣቶቹ ጫፍ ላይ ቆሞ፣ አንገቱን ከሣሩ በላይ አስግጎ፣ የወፍጮውን ሞተር ጩኸት ለመብለጥ እንደሚታገል ሰው፣

«ኤዶ!» ብሎ ጮኸ። «ኤዶ! ኤዶ ነን!»

ታንኳው ይኸን ሁሉ አልቻለም። አባቴ ሚዛኑን ሳተና ውኃው ውስጥ ተቀመጠ። ጥልቅ አይደለም፤ እስከ ደረቱ ነው። ቅሉን ግን አልለቀቀውም፤ ከራሱ በላይ አንስቶታል። ጋቢው እንደ አበባ ዙሪያውን ተንሳፈፈ። እኔ በሳቅ መጽሐፌን መያዝ አቃተኝ፤ እሱም ይስቃል። ማዳም ሣሩን እየገፈተረች ወደ ጫፉ ስትደርስ፣ ያ ጥንቁቅ፣ ቁጥብ አባቴ፣ ከውኃው መካከል በነፃ እጁ ራሱን እያመለከተ፣

«ኤዶ» አላት።